ያልጠፉ ላሞችን ያገኘ ሰው

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ከብቶቹን አልሰረቅሁም። ይህን የማስቀድመው ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቺሮ ስለገባ ነው። ሱቄ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ሚስማር ከመጠየቁ በፊት አውሮፓ ሄደህ ላም ነዳህ አሉ፣ እውነት ነው ወይ ይለኛል። እውነት ነው፣ ነድቻለሁ። አሥራ አንድ ላም፣ ከነደወላቸው፣ ከተራራ ላይ እስከ መንደር ድረስ፣ አንዲት ሳትጎድል ነድቻለሁ። ሥራው ራሱ ስሕተት ነበር ከተባለ እቀበላለሁ፤ በአነዳዱ በኩል ግን ማንም እንከን አያወጣልኝም።

ነገሩ የጀመረው በጀማል ነው። ጀማል የሂርና ልጅ ነው፣ እኔ የቺሮ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሱ አገር ለቆ ዞሮ ዞሮ ስዊዘርላንድ ገባ፤ እዚያም ተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር ኡርሱላ የምትባል አስተማሪ አግብቶ ይኖራል። እኔ የአባቴን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይዤ ቀረሁ። በየዓመቱ ከሚስትህ ጋር ና፣ ተራራውን እዩ፣ የአገሩን ምግብ ቅመሱ ይለኛል፤ በየዓመቱ እሺ እላለሁ። ዘንድሮ ግን ደውሎ የተናገረው ሌላ ነበር። ለሽርሽር ብቻ ሳይሆን ሽማግሌ ሆነህ ና አለኝ።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲያገባ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ከነማን ወገን እንደሆነ ይናገራሉ፣ ይለማመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፤ አማት ልጁን የሚያውቀው በእነሱ አፍ ነው። ጀማል ሲያገባ ከእሱ ወገን አንድ ሰው አልነበረም። ሁለት ፊርማ ፈርመው ወጡ፣ በቃ። የኡርሱላ አባት አልፎንስ የሚባሉ ከብት አርቢ ናቸው። በየዓመቱ የእነሱ በጋ ሲመጣ ላሞቻቸውን ይዘው ከመንደሩ በላይ ወዳለው ግጦሽ ይወጡና፣ እዚያ ባለች የእንጨት ቤት ሦስት ወር ብቻቸውን እያለቡና አይብ እየሠሩ ይከርማሉ። ጀማል ይዘውኝ ይውጡ ብሎ ሦስት ዓመት ለምኗቸዋል። እንግዳ አይለፋም ይሉታል፤ ሌላ መልስ የለም። አሁን ደግሞ ጉልበታቸውን እያመማቸው ስለሆነ ይህ የመጨረሻዬ ነው፣ በመስከረም ስወርድ ከብቶቹን እሸጣለሁ ብለዋል።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ ነኝ» አለኝ ጀማል በስልክ። «ላሞቹ ከተሸጡ በኋላማ ልጅ የምሆንበት ነገር አይኖርም። አንተ ና፣ ተናገርልኝ።»

ተቀበልኩ፤ ደግሞም ሰው አልተሳሳተም። በሽምግልና በኩል እኔን የሚያህል ቺሮ ውስጥ የለም ባልል እንኳ ብዙ የለም። በአሸንዳ ውሃ የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች አስታርቄያለሁ። አሸንዳውን አጣምሜ የሸጥኩላቸውም እኔ ነበርኩ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የጉዞውን ቀን የቆረጠችው ባለቤቴ ብርቄ ናት። ብርቄ የቦኬ ልጅ፣ ከከብት ጋር ያደገች ናት። ካላንደሩን ገልጣ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈቶ ፍልሰታ ሳይገባ ያለችውን ክፍተት በጣቷ ለካችና በዚህች ውስጥ ሄደን እንመለሳለን አለች። ስዊዘርላንድ ሄጄ አይብ እያየሁ አልጾምም ነው ክርክሯ። እኔ በበኩሌ ሁለት ገጽ ሙሉ የሽምግልና ንግግር ጻፍኩ። የጀማል ዘር ማንዘር፣ የሂርና ሰው ደግነት፣ የሁለቱ አገር ተራራዎች ወዳጅነት፣ ምን የሌለ ነገር አለ። አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

የጭርጭር ተራራ ልጅ ስለሆንኩ በተራራ አልደነግጥም ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። በሐምሌ አናቱ ላይ በረዶ ያለው ተራራ ነው። ለብርቄ ግን ይኼማ የኛ ነው፣ ነጭ ስለተቀባ ነው እንጂ አልኳት። ምግቡ ሲመጣ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድንች! ቅቅል ድንች፤ በላዩ ላይ እሳት ዳር የቀለጠ አይብ በቢላዋ እየተፋቀ ይፈስበታል። ለድንችማ እዚያው በደሳ ከተማ እበላ ነበር፣ ቪዛ የሚያስለምን ድንች ምን ዓይነት ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ከዚያ አምስት ሳህን በላሁ። ስድስተኛውን ጀማል በሞቴ ሳይለኝ ስለተነሳ ተቀየምኩት፤ ዘጠኝ ዓመት አውሮፓ መኖር ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

እቅዱ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ወደ ላይ ወጥተን አልፎንስን ቤታቸው ድረስ ሄደን እንድንጠይቅ፣ እኔም እንድናገር ነበር። ቅዳሜ ጀማል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ነበረው፤ ኡርሱላ የእሑዱን ስንቅ ታሰናዳለች። እኔና ብርቄ ከምሳ በኋላ ትንሽ እንንሸራሸር ብለን ወጣን። በየመንገዱ ቢጫ ምልክት አለ፣ እሱን ተከተሉ ተብለን ነበር። እኔ ተራራ ላይ በምልክት አልሄድም። አቋርጠን ቀጥ ብለን ወጣን፤ ንግግሬንም ለብርቄ ጮክ ብዬ እየተለማመድኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ቆምኩ። ብርቄ ለእኔ ስትል ሳይሆን ላም አይታ ቆመች።

ላም ስላችሁ ላም ናት። ቡናማ፣ ጀርባዋ አልጋ የሚያህል፣ አንገቷ ላይ የእኔን ጭንቅላት የሚያክል ደወል የታሰረባት። አሥራ አንድ ናቸው። ግራ አየን፣ ቀኝ አየን፤ ሰው የለም። ውሻ እንኳ የለም። የባለቤታቸው ቤት ከጉብታው ጀርባ እንደነበረ ያወቅነው በኋላ ነው።

እስቲ ፍረዱ። እኛ አገር የሚደልብ ሰንጋ ከባለቤቱ የተሻለ ኑሮ ነው የሚኖረው። የማሽላ አገዳው ተቆርጦ በእጅ ይጎርሳል፣ ውሃው ይቀርብለታል፤ ባለቤቱ ለቅሶ ሲሄድ እንኳ ሰው ሳይተካ ከአጠገቡ አይነሳም። አሥራ አንድ ላም ያለ ሰው ተራራ ላይ ከታየ ወይ ጠፍቷል ወይ እየተሰረቀ ነው። ሦስተኛ ነገር የለም። የከብቱ ባለቤት ብዬ በአማርኛ ተጣራሁ። በኦሮምኛ ተጣራሁ። ከትምህርት ቤት በቀረችኝ እንግሊዝኛም ተጣራሁ። የመለሰልኝ ደወል ብቻ ነው።

ዙሪያውን አንዲት ቀጭን ሽቦ ተዘርግታለች። እኔ ሽቦ ነጋዴ ነኝ፤ ይህን የመሰለ ሽቦ ለዶሮ ቤት እንኳ አልሸጥም። ጥራቷን ልፈትሽ ብዬ ብነካት ከጣቴ እስከ ብብቴ ነዘረችኝ። ብርቄ ምናልባት ላሞቹ እንዳይወጡ ሆን ተብሎ የተደረገ ቢሆንስ አለች። እኔ ክንዴን እያሻሸሁ፣ አሥራ አንድ ላም ለአንዲት ሽቦ አደራ ሰጥቶ የሚሄድ ጤነኛ ሰው የለም ብዬ ዘጋሁት። እሷም በክርክሩ ትጸና ነበር፣ አንዷ ላም ባትጮኽ ኖሮ። ብርቄ ተጠግታ ጡቷን አየች። ከዚያ የሌሎቹንም አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ሞልቷል» አለች። «ይህች እየታመመች ነው። እንዳላየን ሆነን ብንሄድ እግዜር ይጠይቀናል።»

በቃ፣ ተፈረደ። ሽቦዋ ጫፍ ላይ የላስቲክ እጀታ ነበራት፤ ፈታሁና በር አደረግኋት። ዱላ ሰብሬ ከኋላ ሆንኩ። ትልቅ ደወል ያሰረችው ላም ፊት ቀደመች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፤ እንደ ሰልፈኛ። ያኔ በእኔ ግርማ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ላሚቱ መንገዱን ዕድሜ ልኳን ታውቀዋለች።

መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ፎቶ አነሳን። በሁለት ዱላ የሚሄዱ ባልና ሚስት ቆመው አጨበጨቡልን፤ ዱላዬን ከፍ አድርጌ ሰላም አልኳቸው። አስፋልት ስንደርስ አንድ ቢጫ አውቶቡስ ከኋላችን ገባ። ጥሩንባ አልነፋም፤ ቀስ ብሎ እየተንፏቀቀ ተከተለን። አይ ጨዋነት፣ የኛዎቹ ሚኒባሶች ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ጆሯችንን አደንቁረውት ነበር አልኩ ለብርቄ።

መንደሩ ውስጥ ስንገባ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ሰው በየበሩ ወጣ። የሚስቅ ግን የለም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ እኔም የራሴን አውልቄ እጅ ነሳሁ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ብርቄ ሰዎቹ ደስ ያላቸው አይመስሉም አለችኝ። የአገሩ ደስታ እንዲህ ነው አልኳት፤ እንዴት እንደነበርኩ ሳስበው አሁን አፍራለሁ።

መሪዋ ላም ማንንም ሳትጠይቅ ወደ አንድ ግቢ ታጠፈች። ጀማል ከሚኖርበት ቤት ጎን ያለው የአማቶቹ ግቢ ነው። እማማ ሮዛ፣ የአልፎንስ ሚስት፣ ሳህን የሚያደርቁበትን ፎጣ እንደያዙ ወጡ። የላሞቹን አናት አዩ። ከዚያ በእኛ ትከሻ ላይ አልፈው መንገዱን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። የሚመጣ ሰው አልነበረም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ነበር። እንዲያውም አሥራ አንድ ናቸው፣ ቁጠሯቸው በሚል በጣቴ አሳየኋቸው።

ጀማል ከሥራ ሲመለስ የደረሰው ያኔ ነው። ብስክሌቱን አላቆማትም፣ ለቀቃት፤ ወደቀች።

«ከብቶቹን ከየት አመጣሃቸው?»

ከላይ፣ ጠፍተው አገኘናቸው አልኩት።

«አባባን አይተሃቸዋል?»

የማንን አባባ አልኩ። ጀማል ፊቱ አመድ መሰለ። በተቆራረጠ ቃል ነገረኝ። እዚህ አገር ላሞች ከተራራ የሚወርዱት ግጦሹ ሲያልቅ፣ በመስከረም ነው፤ አናታቸው ላይ አበባ ይታሰርላቸዋል፣ ባለቤቱ ፊት ፊት ይሄዳል፣ መንደሩ ወጥቶ ይቀበላቸዋል። ጊዜው ሳይደርስ፣ አበባ ሳይደረግላቸው፣ ባለቤቱም ሳይኖር ከወረዱ ትርጉሙ አንድ ነው። ላይ ያለው ሰው ሞቷል ማለት ነው። ባርኔጣ ያወለቁት ሰውዬ ለእኔ አልነበረም ያወለቁት። አውቶቡሱም ጥሩንባ ያልነፋው ለቀብር የወጣን መስሎት ነው።

አልሞቱም ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በምን አውቄ? ሰውየውን አላየኋቸውም። ተጣርቼ ያልመለሱልኝ፣ ላሞቻቸውን ያላለቡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። እውነት ሞተው ቢሆንስ? እስካሁን ሞኝ ነበርኩ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ፈሪም ሆንኩ። ኡርሱላ ስልክ ትደውላለች፣ አይነሳም፤ አባቷ ስልካቸውን መሳቢያ ውስጥ ዘግተው ነው የሚያስቀምጡት። ብርቄ ሄዳ እማማ ሮዛ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች። ቋንቋ አልነበራትም። ጀማል ሮጠ። እኔም ተከተልኩ።

ዳገቱን በሥራ ልብሱ ሲሮጥ እያየሁት ከኋላው እጎተታለሁ። ጫካው መሐል ስንደርስ ከላይ የሰው ድምፅ ሰማን። አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ላሞቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ይወርዳሉ። ከቀን እንቅልፋቸው ሲነቁ ከብቶቹን አጥተው፣ ዳናቸውን ተከትለው ነው። ጀማል ቆመ። ከዚያ «አባባ!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ፤ ሮጦ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ፣ ትከሻቸውን ሳመ፣ ጉልበታቸውን ያዘ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመት ከሩቅ ሲጨብጡት የኖሩት ሰው እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቆሙ። በመጨረሻ አንዱን እጃቸውን አናቱ ላይ ጣል አደረጉት።

ጀማል ነገሩን አስረድቷቸው ወደ እኔ ዞረ። ይኸውላችሁ፣ የምናገርበት ሰዓት ደረሰ። ሁለቱ ገጽ ደረት ኪሴ ውስጥ አለ። የተራሮቹ ወዳጅነት አለበት፣ ዘር ማንዘሩ አለበት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ቃል አልመጣልኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የጠፉ መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጀማል ተረጎመ። አልፎንስ እኔን ላንድ አፍታ አዩኝና ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሮዛ አይታለች ወይ አሉ። አይተዋል አላቸው። ሰውየው ዱላቸውን ጥለው ሮጡ። ያ የታመመ ጉልበት ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደው አላውቅም፤ እኛ አልደረስንባቸውም።

ግቢው ስንደርስ እማማ ሮዛ ተነስተው ቆመዋል። ባላቸውን በያዙት ፎጣ ደረታቸው ላይ መቱ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ኮሌታቸውን ጨብጠው ግንባራቸውን እዚያው ደረታቸው ላይ አስደገፉ። ባርኔጣ ያወለቁት ጎረቤት ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። ላሞቹ ይጮኻሉ፤ ብርቄ እጇን ታጥባ በረት ገብታለች፣ ከኡርሱላ ጋር እያለቡ ነው።

እማማ ሮዛ ከዚያ መናገር ጀመሩ። ብዙ ተናገሩ። በኋላ ጀማል የነገረኝ ጥቂቱን ነው፤ በየዓመቱ መስኮት ላይ ቆሜ ያንን መንገድ የማየው እኔ ነኝ፣ አንተ ተራራ ላይ ሆነህ አታውቀውም ብለዋል። ይህ ልጅ አብሬ ልሂድ ብሎ ሲለምን እንግዳ ነው ትላለህ ብለዋል።

«ዛሬ ወደ ላይ የሮጠው ማን ነው?» አሉ። «እንግዳ እንዲህ ይሮጣል ወይ?»

አልፎንስ በረት ገብተው የብርቄን አስተላለብ ቆመው አዩ፣ በአፍንጫቸው እህ አሉ፤ ኡርሱላ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው አለችን። ሲወጡ ጀማል ፊት ቆሙ። ጎንበስ ብለው እግሩን አዩ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን፣ ከዚህ የጠነከረ ጫማ አለህ ወይ ብለው ጠየቁት።

እሑድ ጠዋት ወጡ። ጀማል ፊት፣ ላሞቹ መሐል፣ አልፎንስ ከኋላ። እኔም ልሂድ ብዬ ነበር፤ በተለይ እኔ እንዳልመጣ ታዟል። ጀማል ፈቃድ ወስዶ እስከ መስከረም ድረስ ተራራው ላይ ሊቆይ ተስማሙ፣ ስለ መሸጥም ያነሳ የለም። እኛ በቀሩት ቀናት መንደር ውስጥ ድንች በአይብ በላን። ሽምግልናዬ ሠመረ አልኳት ብርቄን። ወረቀቱ ከኪስህ ሳይወጣ ነው የሠመረው፣ እንኳንም አላወጣኸው አለችኝ። ቢሆንም የሠመረ ሠመረ ነው።

አገር በገባን በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ይዘን የጀማልን እናት ልንጠይቅ ሂርና ወረድን። እማማ ፋጡማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው የላከውን አይብ አስረከብኳቸው፤ ጤናውን፣ ቤቱን፣ ሚስቱን ነገርኳቸው። ምን ይሠራል አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ በእኔ ጥረት መሆኑን ጣል እያደረግሁ፣ አሁን የአማቱን ከብት ይዞ ተራራ ወጥቷል፣ ላም ይጠብቃል አልኳቸው።

አይቡን ከእጃቸው አስቀመጡ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ። ልጃቸውን ባሕር ማዶ ልከው እረኛ ሆነ ሲባሉ የማይቀየም እናት ማን ነው ብዬ ቃል መፈለግ ስጀምር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጀማል ቤቱን ጥሎ የወጣው ከአባቱ ጋር በከብት ተጣልቶ ነው። ከብት ስጠብቅ አልኖርም አለ፤ አባትየውም እንግዲያው ከቤቴ ሂድ አሉት። ሄደ። ሳይታረቁ አባትየው ሞቱ። ከእኔ ጋር ስንት ዓመት በስልክ ሲያወራ ይህን አንድ ቀን አላነሳውም። ሦስት ዓመት የሰውን አባት ይዘውኝ ይውጡ እያለ ሲለምን እኔ የሥራ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ ፋጡማ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ላሞቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ ወተታቸው ደህና እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ብርቄ መለሰችላቸው። ልንነሳ ስንል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ስትደውልለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስገባቸው በልልኝ» አሉ። «እሱ ድሮም ያመሽ ነበር።»